ለአንድ ሳምንት ተራራ ላይ፦ ትንበያ ማመን ወይስ መስኮት መክፈት?

አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነበብኩትን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ተናዷል። ፈረንጆቹ ጸደይ የሚሉት ወቅት ሊያበቃ ሲል፣ ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ተራራማ ቦታ አንድ ሳምንት አሳልፎ መመለሱ ነው። ሰኞ ፀሐይ ነበር፣ በሸሚዝ ተሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና የበረዶ ጠጠር። ረቡዕ ከየት መጣ የማይባል ደረቅና ሞቃት ንፋስ። ሐሙስ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ዓርብ ሸለቆው በጉም ታፈነ። ቅዳሜ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ብሩህ። እሑድ ካፊያ። ስልኩ ላይ ያለው ትንበያ ደግሞ በየቀኑ ሐሳቡን ሲቀያይር ሰነበተ። ስለዚህ ተራራ ላይ ትንበያ ማየት ጊዜ ማባከን ነው፣ መስኮት ከፍቶ ማየት ይሻላል ሲል ደመደመ። መጨረሻ ላይ፣ ይሄ የደረሰው በእሱ ላይ ብቻ እንደሆነ ጠየቀ።

ብቻውን አልነበረም። ከሥሩ ሠላሳ ምናምን መልስ ተደርድሯል። ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ከቀረው አብዛኛው ጠብ፣ ጥቂቱ ስለ ጫማ። የጫማውን ዘልዬዋለሁ።

1ኛው መልስ ትሕትና የተሞላበት ነው። ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ገልጾ፣ እሱም ሁለት ጃኬት ይዞ ወጥቶ ሁለቱም ረጥበውበት እንደተመለሰ አወራ። 2ኛው ላይ አንዲት ሴት ገብታ የትኛው ተራራ እንደሆነ፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ ማረፊያው በየትኛው ጎን እንደነበረ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ባለ ክሩ ግን በ3ኛው መልስ ተራራ ሁሉ አንድ ነው፣ ቦታው ለውጥ አያመጣም ብሎ ዘጋባት። እዚህ ጋ ነው መጀመሪያ የተሳሳተው። ቦታው ለውጥ ያመጣል፤ የተቀረው ክር ከሞላ ጎደል ይህንኑ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። በ4ኛው መልስ ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ አስረዳች። የአየር ሁኔታ ሞዴል፣ ማለትም ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ምድርን በካሬ ይከፋፍላል። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ዓለምን በሙሉ የሚሸፍነው ሞዴል ካሬዎቹ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። በአንድ እንዲህ ባለ ካሬ ውስጥ 3,000 ሜትር የሚደርስ ጫፍና 900 ሜትር ላይ የተኛ ሸለቆ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሞዴሉ ግን የሚያውቀው አንድ አማካይ ከፍታ ብቻ ነው። ጫፉ ይቆረጣል፣ ሸለቆው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ 22 ዲግሪ የሚል ቁጥር ሲመጣ፣ 22 የት ነው ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ሥራ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ቁጥሩ የሸለቆው ከሆነ፣ 1,500 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ሰው የሚያገኘው 12 ገደማ ነው። ንፋሱ ሳይታሰብ ማለት ነው።

5ኛው አራሚ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ክር አይቼ አላውቅም። 6.5 አማካይ ብቻ መሆኑን፣ ደረቅ አየር ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ እንደሚቀዘቅዝ፣ ደመና የሠራ እርጥብ አየር ግን 6 አካባቢ ብቻ እንደሚያጣ ጻፈ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ እንፋሎት ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ነው። ቀጥሎም ጥርት ባለና ንፋስ በሌለበት ሌሊት ነገሩ ሊገለበጥ እንደሚችል ጨመረ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ንጋት ላይ ታች ያለው ሰው ሲንቀጠቀጥ ላይ ያለው ይሞቀዋል። አነጋገሩ ትንሽ የአስተማሪ ቁጣ ቢኖርበትም ትክክል ነው።

6ኛው ባለ ክሩ ራሱ ነው። ቁጥሮቹ ደስ እንደሚሉ፣ ነገር ግን ማክሰኞ የፀሐይ ምልክት አይቶ ወጥቶ ለምን መብረቅ እንደጠበቀው አሁንም እንዳልገባው ጻፈ።

7ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ የበለጠብኝ ነው። ጸሐፊዋ ከሌሎቹ ሁሉ ረጋ ያለች ናት። መነሻዋ ፀሐይ ናት። በሰሜኑ የምድር ክፍል ቀን የሚረዝመው ሰኔ 14 አካባቢ ስለሆነ፣ የግንቦት 7 ፀሐይ ከሐምሌ 21 ፀሐይ ጋር በጉልበት እኩል ናት። ሰው ግን ግንቦትን ገና ቀዝቃዛ ወር አድርጎ ያስበዋል። ላይ ያለው አየር በእርግጥም ገና የክረምቱን ብርድ እንደያዘ ነው። ከታች የሐምሌ ፀሐይ፣ ከላይ የመጋቢት ብርድ። ፀሐዩ መጀመሪያ የሚያገኘው ወደ እሱ የዞረውን ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ይቀልና ሸንተረሩን ይዞ ወደ ላይ ይነፍሳል። ረፋዱ ላይ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ ነጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ላይ ይመዘዛሉ። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆዳቸው ይጠቁራል። ያ ዝናብ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፣ እዚያው ተራራው ላይ የበቀለ ነው። ሸለቆው ማዶ ያለው ሰው አንዲት ጠብታ ሳያይ ሊውል ይችላል።

ስለዚህ የማክሰኞው ትንበያ አልዋሸም፤ ጠዋቱ ፀሐይ ነበር። ስልኩ ግን ሃያ አራቱን ሰዓት በአንዲት ምልክት ጠቅልሎ አሳየ። ጸሐፊዋ የምትለው፣ በዚህ ወቅት ተራራ የሚወጣ ሰው ነገ ይዘንባል ወይ ብሎ ቢጠይቅ የሚረባ መልስ አያገኝም። መጠየቅ ያለበት እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ከየትኛው ከፍታ በላይስ ምን ይሆናል ብሎ ነው። እኔም ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌሎቹን መልሶች የለካሁት በዚህ ነው።

8ኛው ገጠመኝ ነው። ረፋድ ላይ ደመናዎቹ ማደግ ሲጀምሩ እመለሳለሁ ብሎ ጓደኞቹ እንደሳቁበትና ከሰዓት በኋላ እንዳልሳቁ ተረከ። ትንሽ ያጋነነ ይመስለኛል፣ ግን ደስ ይላል። 9ኛው ቁጥር አመጣ፦ ብልጭታውን አይተህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠር፣ ለሦስት አካፍል፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛለህ የሚል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ገላጣ ቦታ አለመውጣት።

10ኛው ላይ ነገሩ መክረር ጀመረ። አንዱ መብረቅ ሲመጣ መሬት ላይ ተዘርግቶ መተኛት እንደሚበቃ መከረ። 11ኛው ተቆጣ፤ እንዲህ ዓይነት ምክር ሰው እንደሚገድል በግልጽ ተናገረ። ቁጣው ይገባዋል። መብረቅ ሲወድቅ ኤሌክትሪኩ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል፤ የተዘረጋ ሰው ብዙ ቦታ ላይ መሬት ስለሚነካ ለአደጋው ይበልጥ ይጋለጣል። ብቸኛ ዛፍ ሥርም፣ የዋሻ አፍም መጠለያ አይሆንም። ከሸንተረሩ ቶሎ መውረድ፣ እርስ በርስ መራራቅ፣ ከተቻለ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ወይም እውነተኛ ቤት ውስጥ መግባት ነው። 10ኛው ሰውዬ ተመልሶ አልጻፈም።

ከ12ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ረቡዕ ሞቃት ንፋስ ዞረ። ይህን ንፋስ የአልፕስ ሰዎች ፎህን ይሉታል፣ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ደግሞ ቺኑክ ነው። ጸሐፊው ሒሳቡን ደረጃ በደረጃ ሠራው። 10 ዲግሪ የሆነ እርጥብ አየር ተራራውን መውጣት ይጀምር እንበል። የመጀመሪያውን 500 ሜትር ደመና ሳይሠራ ሲወጣ 5 ዲግሪ ያጣል። ከዚያ ደመና ይሠራና ቀሪውን 2,000 ሜትር በየ1,000ው 6 እያጣ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 7 ይደርሳል። እርጥበቱን በዝናብና በበረዶ መልክ እዚያው ጥሎታል። በሌላው ጎን ሲወርድ ደረቅ ስለሆነ በየ1,000 ሜትሩ 10 እየጨመረ 2,500 ሜትር ይወርዳል። ግርጌው ላይ 18 ዲግሪ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ጎን ሲዘንብበት ሌላው ጎን ይሞቃል፣ ልዩነቱ 8 ዲግሪ ነው። የ2ኛዋ ጸሐፊ ማረፊያው በየትኛው ጎን እንደነበር የጠየቀችው ለዚህ ነበር። እስካሁን መልስ አላገኘችም።

13ኛው አልተዋጠለትም። እንዲህ የሚሞቅ ንፋስ ከበረሃ እንጂ ከበረዶ ተራራ አይመጣም ብሎ ተከራከረ። ሊስቁበት የመጡ ነበሩ፤ ግን አልፕስ ላይም ድሮ ብዙ ሰው ፎህንን የሰሃራ ልጅ አድርጎ ያስብ ነበር። ሙቀቱ የሚመጣው አየሩ ሲወርድ በመጨመቁ መሆኑን በ1866 እ.ኤ.አ. ያብራራው ኦስትሪያዊው ዩሊየስ ሃን ነው። 13ኛው ሰውዬ እንግዲህ ጥሩ ጓደኛ ነበረው።

14ኛው በዚህ ንፋስ የመጣውን እብድ ክስተት አስታወሰ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ስፒርፊሽ በተባለች ከተማ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 ላይ ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 7 ዘለለ። 27 ዲግሪ በሁለት ደቂቃ! 15ኛው ላለመበለጥ ሌላ የአሜሪካ ተራራ፣ ማውንት ዋሽንግተንን ጠራ። ቁመቱ 1,917 ሜትር ብቻ ነው፣ ነገር ግን ኤፕሪል 12 ቀን 1934 እ.ኤ.አ. ጫፉ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ተለክቷል። ጸሐፊው ይህ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ነው አለ። 16ኛው ተነሥቶ አረመው፦ በ1996 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያዋ ባሮ ደሴት በአውሎ ንፋስ ወቅት በሰዓት 408 ኪሎ ሜትር ተመዝግቧል። ከሳምንቱ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው እንዳይባል፣ አንድ ነገር ያስተምራል። አጭር ተራራም ሊገርፍ ይችላል። ከፍታ ብቻ አይታይም።

ከ17 እስከ 21 ክሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አንዱ ረቡዕ ዕለት ሰማይ ላይ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ ንፋስ እየነፈሰ የማይንቀሳቀሱ ክብ ደመናዎች አይቶ እንደሆነ ባለ ክሩን ጠየቀው። እነዚህ ደመናዎች ንፋሱ ተራራውን ተሻግሮ ሲወዛወዝ በማዕበሉ አናት ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ላይ ንፋሱ ኃይለኛ እንደሆነ ይናገራሉ። ጠቃሚ ጥያቄ ነበር። ግን ቅርጻቸው ሳሕን ስለሚመስል ሌላው ወዲያው በራሪ ዲስክ አነሣ። ከዚያ በ1947 እ.ኤ.አ. ኬኔት አርኖልድ የተባለ ፓይለት ማውንት ሬኒየር አካባቢ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች አየሁ ማለቱ መጣ። ከዚያ መንግሥት ይደብቃል የሚለው መጣ። 22ኛው አወያዩ ነበር፤ ወደ አየር ሁኔታው ካልተመለሳችሁ እዘጋዋለሁ ብሎ አስጠነቀቀ።

23ኛው ሲመለስ ግን በሰላም አልተመለሰም። ባለ ክሩን ተራራው እንዲታዘዘው የሚፈልግ የሶፋ ተጓዥ አድርጎ ሣለው። መሣሪያውን ማንበብ ያልቻለ ሰው መሣሪያውን መስደብ እንደሚወድ ጨመረበት። ባለ ክሩ በ24ኛው አልለቀቀውም፤ እንዲህ ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ የመጪውን ቅዳሜ አየር አሁኑኑ እንዲነግረው ጠየቀው። ለሁለቱም የሚሆን ሰው በ25ኛው ገባ። ስድቡን አላነሣም፣ በቀጥታ ወደ ቅዳሜው ሄደ።

በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ኮምፒውተር ላይ የአየር ሁኔታ ስሌት ይሠራ ነበር። ሥራውን ከመሐል ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባው። ውጤቱ መጀመሪያ ተመሳሳይ ሆኖ ቀጠለና ቀስ በቀስ ተለያይቶ ሌላ አየር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተንባዮች በአንድ ስሌት መወራረድ ቀንሰዋል። የአውሮፓው ማዕከል ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መነሻውን በትንሽ በትንሹ እየለዋወጠ ብዙ ስሌት ጎን ለጎን ይሠራል፤ ዛሬ 51 ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ተንባዩ ይተማመናል። ከተበታተኑ ግን ማንም አያውቅም ማለት ነው፣ ስልኩም ጭምር። ስለዚህ የ25ኛው ጸሐፊ መልስ፣ ትንበያው በየቀኑ መቀያየሩ ራሱ መረጃ ነው የሚል ነበር። ሳምንቱ ገና ያልለየለት መሆኑን እየነገረው ነበር፤ እሱ ግን እንደ ስድብ ወሰደው። ይሄኛው አስተያየት ትንሽ ጨከነ፣ ግን ልክ ነው።

26ኛውና 27ኛው ስለ መቶኛ ተናቆሩ። 40 በመቶ ዝናብ ማለት የቀኑ 40 በመቶ ይዘንባል ማለት ነው ያለው ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ሁኔታ አሥር ጊዜ ቢመጣ እዚያ ቦታ ላይ አራቱን ጊዜ ይዘንባል ማለት ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚዘንብም፣ ምን ያህል እንደሚዘንብም አይናገርም።

28ኛዋ ስለ ሐሙስ በረዶ ጻፈች፤ 7ኛውን መልስ የጻፈችው ሴት ናት። ሙቀቱ ዜሮ የሚሆንበት ከፍታና በረዶ መሬት የሚደርስበት ከፍታ አንድ አይደሉም። የበረዶ ቅንጣት ለመቅለጥ ጊዜ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ከዜሮው መስመር ጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎም በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ዝናቡ ከበረታ ደግሞ የሚቀልጠው በረዶ ሙቀቱን ከአየሩ ላይ ስለሚወስድ መስመሩ ይበልጥ ይወርዳል። በተለይ ንፋስ በማይገባበት ጠባብ ሸለቆ። ባለ ክሩ ከሰዓት በኋላ ዝናብ፣ ማታ በረዶ ያየው አየሩ እየቀዘቀዘ በመሄዱ ነው፤ ከፊሉን ያቀዘቀዘው ደግሞ ዝናቡ ራሱ ሊሆን ይችላል።

29ኛው በጸደይ መጨረሻ ያለ በረዶ የከረመና የጠነከረ ስለሆነ ናዳ እንደማያሰጋ ጻፈ። 30ኛው ደግሞ አልማረውም። ጥርት ባለ ሌሊት በረዶው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ላዩ ይጠነክራል፤ ጠዋት ሲረግጡት ይሸከማል። ፀሐዩ ሲበረታ ውሃ ይሆናል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። ሌሊቱ ደመናማ ከነበረ ጭራሽ አይጠነክርም፤ ጠዋቱም አያስተማምንም። እንግዲህ የቅዳሜው ውርጭ ለተጓዥ ጥሩ ዜና ነበር፣ ባለ ክሩ ግን በክስ መዝገቡ ላይ አስፍሮታል። 30ኛው ወንዞችንም አልረሳም፦ ከበረዶ የሚቀልጥ ውሃ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ስለሚሞላ፣ ጠዋት በድንጋይ የተሻገሩት ጅረት ሲመለሱ ጉልበት ሊያልፍ ይችላል። ይሄን ማንም ከእሱ በፊት አላነሣም ነበር። እኔ ብሆን ከመብረቁ ቀጥዬ አስቀምጠዋለሁ።

31ኛው ስለ መነጽር ነው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ በረዶ ደግሞ እስከ 80 በመቶውን መልሶ ዓይን ላይ ያንጸባርቃል። ዓይን መቃጠሉ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ በጊዜ አያስጠነቅቅም።

32ኛው መልስ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው የጻፉት ይመስላል፤ ሌሎቹም አንቱ እያሉ ነው ያመሰገኗቸው። ከፍታ መለኪያ ያለው ሰዓት ካለህ፣ ማታ ከመተኛትህ በፊት ቁጥሩን አይተህ ጠዋት ድጋሚ እየው ነው ምክራቸው። ሰዓቱ ከፍታ የሚያሰላው ከአየር ግፊት ነው። ከቦታህ ሳትነቃነቅ 40 ሜትር ወጥተሃል ካለህ፣ የወጣኸው አንተ አይደለህም፣ ግፊቱ ወርዷል። 2,000 ሜትር አካባቢ ይህ ወደ 4 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይጠጋል፤ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ከወረደ አየሩ ሊበላሽ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ ትንበያ ነው።

33ኛው ላይ ባለ ክሩ ተመለሰ። በ23ኛው እንደተቀየመ ነው። የሌሎቹን ግን በሙሉ እንዳነበበ፣ ለሚቀጥለው በሰዓት የተከፋፈለውንና ከፍታ የሚያስመርጠውን ትንበያ እንደሚያይ ጻፈ። አንድ ነገር ግን አልተወም፦ አንዲት የፀሐይ ሥዕል ለአንድ ሙሉ የተራራ ቀን መለጠፍ አሳሳች ነው። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። አንባቢው ያላየው ጥንቃቄ ከሥር በትንሽ ፊደል ቢኖር ምን ይረባል?

34ኛው የመጨረሻው ነው፣ የጻፈውም አዲስ ገቢ። እንደ ዓርብ ያለ ጉም ሸለቆውን ሲዘጋ መጠበቅ ይሻላል ወይስ መውጣት ብሎ ጠየቀ። ማንም ስላልመለሰለት እኔ ልሞክር። መጀመሪያ የጉሙን አናት ፈልግ። ብዙ ማረፊያዎች ከላይ የሚያሳይ ካሜራ አላቸው፣ ላይ ያለ ሰውም ካለ ደውለህ ጠይቅ። ጉሙ የሌሊት ብርድ ሸለቆ ውስጥ ያስተኛው ከሆነ ጥቂት መቶ ሜትር ወጣ ስትል ፀሐይ ታገኛለህ፤ ረፋዱ ላይም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይበተናል። እንደ ዓርቡ በረዶ ከጣለ ማግስት ከሆነ ግን ጉም የመሰለህ ተራራው ላይ የተጋደመ የዝናብ ደመና ሊሆን ይችላል። እሱ ከላይም ደመና ነው፣ ብትወጣ የምታገኘው ያንኑ ነው፤ ምልክት ያለው መንገድ ይዘህ ዝቅ ብለህ ዋል።